ኢኤስፒ32 ብሬድቦርዱን ሁሉ ሸፈነው፤ ለብሬድቦርድ የሚመቸው ቦርድ የቱ ነው?

#1 ሰርኪት_ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። 38 ፒን (እግር) ያለው ኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ያለው ትንሽ የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ) ባለ 830 ቀዳዳ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሰርኪት የሚሠራበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ ሲሰካ በአንዱ ጎን አንድ መስመር ቀዳዳ ብቻ ይተርፋል፤ በሌላው ጎን ጭራሽ የለም። የሚያያዙት እነዚህ ናቸው፦ የሙቀትና እርጥበት ሴንሰርና ትንሽ ኦሌድ ስክሪን (ሁለቱም በአይቱሲ፣ ማለትም ብዙ መሣሪያ በሚጋራው ባለ ሁለት ሽቦ የዳታ መስመር)፣ 8 ደብልዩኤስ2812 ኤልኢዲ (ቀለማቸው በአንድ የዳታ ሽቦ የሚታዘዝ)፣ ኤችሲ-ኤስአር04 የርቀት ሴንሰር እና አንድ ኤስጂ90 ሰርቮ (ወደታዘዘው አንግል የሚዞር ትንሽ ሞተር)። ዋይፋይ ያስፈልጋል።

ጥያቄዬ፦ ይህን ቦርድ ይዞ መቀጠል ይቻላል ወይስ ሌላ ልምረጥ? ሌላ ከሆነስ በምን መለኪያ ነው የሚመረጠው?

#2 ባለ_ካሊፐር

የቺፑን ፍጥነትና ሜሞሪ ለጊዜው ተወውና ከብሬድቦርዱ ጀምር። ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሚሜ ይራራቃሉ። እያንዳንዱ ረድፍ በግራ አምስት ቀዳዳ (ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ)፣ በቀኝ አምስት ቀዳዳ (ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች፣ አይ፣ ጄ) አለው። አምስቱ ከውስጥ በአንድ የብረት መቆንጠጫ የተያያዙ ናቸው። በኢ እና በኤፍ መካከል ያለው ርቀት 7.62 ሚሜ፣ ማለትም ሦስት እርምጃ ነው። ስለዚህ ከኤ እስከ ጄ 4 + 3 + 4 = 11 እርምጃ አለ።

ቦርዱን ስትለካ የሚያስፈልግህ የቦርዱ ስፋት አይደለም፤ በሁለቱ የፒን መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ነው፣ ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል። እሱን ለ2.54 አካፍልና ከ11 ቀንስ። የሚወጣው ቁጥር በግራና በቀኝ ተደምሮ ለሽቦ የሚተርፍልህ ቀዳዳ ነው።

አትሜጋ328ፒ ቺፕ ራሱ፣ ባለ 28 እግር ዲፕ (እግሮቹ በሁለት መስመር የቆሙ ቺፕ)፦ 3 እርምጃ፣ 8 ይተርፋል (4 እና 4)
አርዱይኖ ናኖ፣ ብሉ ፒል፣ ቲንሲ 4.0፣ ፕሮ ማይክሮ፣ የሲድ ሺያኦ፣ ኢኤስፒ32-ሲ3 ሱፐርሚኒ፦ 6 እርምጃ፣ 5 ይተርፋል (2 እና 3)
ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ፦ 7 እርምጃ፣ 4 ይተርፋል (2 እና 2)
አዳፍሩት ፌዘር፦ 8 እርምጃ፣ 3 ይተርፋል
ዌሞስ ዲ1 ሚኒ፣ ኖድኤምሲዩ ቪ2፦ 9 እርምጃ፣ 2 ይተርፋል (1 እና 1)
ኢኤስፒ32 ዴቭኪትሲ፦ 10 እርምጃ፣ 1 ይተርፋል
ሎሊን ኖድኤምሲዩ ቪ3፦ 11 እርምጃ፣ ምንም አይተርፍም

በአንድ ስም የሚሸጡ ባለ 30 ፒን ኢኤስፒ32 ቦርዶች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ በስሙ አትመን፣ ለካ።

ሁለተኛው መለኪያ የፒን ብዛት ነው። የዘረዘርካቸውን ቁጠር፦ አይቱሲ 2 (ሴንሰሩና ስክሪኑ ይጋሩታል)፣ ኤልኢዲ 1፣ የርቀት ሴንሰር 2፣ ሰርቮ 1። ስድስት ፒን ብቻ! ለስድስት ፒን 38 እግር መሰካት አያስፈልግም። ሺያኦ ኢኤስፒ32ሲ3 11 ዲጂታል ፒን አለው፣ የሚይዘው 7 ረድፍ ብቻ ነው፣ ዋይፋይም አለው። እኔ ብሆን ለዚህ ሥራ የምመርጠው እሱን ነበር።

#3 ሐረገ_ሽቦ

ስሌቱ ልክ ነው። ግን ያለው ቦርድም መጣል የለበትም። «ቀዳዳ የለም» የሚያሰኘው ከላይ ሲታይ ነው። ቦርዱ ቢ እና ጄ ላይ ሲቀመጥ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች፣ አይ ሁሉም ከሥሩ ባዶ ናቸው፤ ከፒኖቹ ጋር የተያያዙትም እነሱው ናቸው።

የፒኖቹ ጥቁር ፕላስቲክ ቁመቱ 2.5 ሚሜ ያህል ስለሆነ ቦርዱ በዚያው ልክ ከብሬድቦርዱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ባለ 22 ጌጅ አንድ ክር ሽቦ ከነልባሱ 1.6 ሚሜ ገደማ ነው። ተኝቶ ያልፋል። ሁለት ሽቦ ከተደራረበ ግን 3.2 ሚሜ ይሆናል፤ ያኔ ቦርዱ እስከ ታች አይገባም፣ ፒኖቹም ግማሽ ድረስ ብቻ ይነክሳሉ። ስለዚህ ከሥር ሽቦ በሽቦ ላይ አይሻገር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦርዱን ከመሰካትህ በፊት የምትጠቀምባቸውን ፒኖች ከነረድፍ ቁጥራቸው ወረቀት ላይ ጻፍ። የሽቦውን ጫፍ 7 ሚሜ ልጠህ በ90 ዲግሪ አጥፈውና በየረድፉ ዲ ወይም ጂ ቀዳዳ ውስጥ ክተት። ወደ ጎን ለማውጣት አትሞክር፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ በሁለቱም ጎን እንደ ግድግዳ ቆሟል። መውጫው በቦርዱ ጫፍ በኩል ነው፤ ሽቦዎቹን ከመሃሉ ቦይ ጋር ትይዩ አድርገህ እየደረደርክ አውጣ። ከመውጫው በጣም የራቀውን ፒን ሽቦ መጀመሪያ ወደ መሃል አስተኛ፣ ቅርቡን ወደ ዳር። ከዚያ ቦርዱን ከላይ ስካ።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ሽቦ ለመቀየር ቦርዱን መንቀል ግድ ነው። በየቀኑ ለሚቀያየር ሰርኪት ሌላ መንገድ አለ። ሁለት ባለ 400 ቀዳዳ ብሬድቦርድ ጎን ለጎን አስቀምጥና የቦርዱን ግራ ፒኖች በአንደኛው፣ ቀኞቹን በሁለተኛው ላይ ስካ። ግራው ጄ ላይ፣ ቀኙ ኤ ላይ ሲሆን በየጎኑ አራት አራት ቀዳዳ ከቦርዱ ውጭ ይቀርልሃል። በመካከላቸው የሚገጥሙትን የኃይል መስመሮች ቀድመህ አውጣ፤ ከሥር ያለውን ማጣበቂያ በቢላ ብትቆርጠው ፕላስቲኩ ከመገጣጠሚያው ይወጣል። ሁለቱን ብሬድቦርዶች አስቀድመህ አታጣብቅ! በመካከላቸው ያለው ክፍተት የ2.54 ሙሉ ብዜት ላይሆን ስለሚችል ፒኖቹ ይጣመማሉ። መጀመሪያ ቦርዱን ስካ፣ ክፍተቱ በራሱ ልኩን ይይዛል፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ጣውላ ላይ አጣብቅ።

#4 የብየዳ_ጠረጴዛ

ቦርዱ ፒኑ ሳይበየድ ከመጣ አበያየዱም የሚመችና የማይመች ቦርድ ይለያል። ብዙዎች ፒኖቹን ብሬድቦርድ ላይ ሰክተው ቦርዱን ከላይ አድርገው ይበይዳሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ፒኖቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ግን ሙቀቱ በፒኑ ወርዶ የብሬድቦርዱን ፕላስቲክ ያለሰልሳል። ለዚህ ሥራ ያረጀ ብሬድቦርድ መድብ፣ የምትሠራበትን አትጠቀም።

እርሳስ ላለበት 63/37 ሶልደር (183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል) የመበየጃውን ጫፍ 320–350 ዲግሪ ላይ አድርግ። መጀመሪያ አራቱን የማዕዘን ፒኖች ብቻ ንካ። ከዚያ ከጎን ተመልከት፦ ቦርዱ አንድ ጫፍ ላይ ከፍ ብሎ ከሆነ ያንን ማዕዘን እያሞቅክ በጣት ገፋ አድርገው። ሁሉም ከተበየደ በኋላ ማስተካከል አይቻልም ማለት ይቻላል። ለቀሪዎቹ በፒን ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ይበቃል። የግራውንድ (የዜሮ ቮልት) ፒኖች ከሰፊ መዳብ ጋር ስለተያያዙ ሙቀቱን ይጠጡታል፤ እነሱ ላይ ሁለት ሰከንድ ጨምር። ሶልደሩ እንደ ኳስ ተቋጥሮ ከቀረ አልያዘም ማለት ነው፤ ወደ ፒኑ እንደ ድንኳን ወጥቶ መታየት አለበት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው የፒኑ ውፍረት ነው። የእነዚህ ፒኖች ጎን 0.64 ሚሜ ነው። አራት ማዕዘን ስለሆነ ግን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 0.9 ሚሜ ይደርሳል። ብሬድቦርዱ ውስጥ ያለው መቆንጠጫ የተሠራው ለክብ ቀጭን እግር ነው። 40 ፒን ያለው ቦርድ ለወራት አንድ ቦታ ከተቀመጠ እነዚያ ረድፎች ይለጠጣሉ። በኋላ ቀጭን የሬዚስተር እግር እዚያው ስታስገባ ይገባል እንጂ አይነከስም። ሰርኪቱ ጠረጴዛው ሲነካ ብቻ የሚሠራ ወይም የሚጠፋ ከሆነ የምጠረጥረው መጀመሪያ ይህንን ነው። መፍትሔው ቦርዱን ሁልጊዜ በአንድ የታወቀ ቦታ መሰካትና እነዚያን ረድፎች ለሬዚስተር አለመጠቀም ነው።

ስትነቅልም በአንድ ጫፍ አትጎትት። ጠፍጣፋ መፍቻ ከሥር አስገብተህ በየተራ ከሁለቱም ጫፎች ጥቂት ጥቂት ከፍ አድርግ።

#5 ሰርኪት_ጀማሪ

ከልብ አመሰግናለሁ። የሁለቱን ብሬድቦርድ መንገድ ሠርቻለሁ፤ ቦታው አሁን ይበቃል። ሌላ ችግር ግን ወጣ። ሰርቮው ሲንቀሳቀስ ወይም ኤልኢዲዎቹ በሙሉ ነጭ ሲበሩ ቦርዱ ሪሴት ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ «ብራውንአውት ዲቴክተር ዋዝ ትሪገርድ» (ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ወርዷል) ይላል። በሜትር ስለካ የ5 ቮልት መስመሩ ሥራ ፈት ሲሆን 4.7፣ ኤልኢዲዎቹ ሲበሩ 4.3 ቮልት ያሳያል። ሁሉም ኃይል የሚወስደው ከቦርዱ 5 ቮልት ፒን ነው፣ ቦርዱ ደግሞ ከላፕቶፕ ዩኤስቢ።

አንዳንዴ ደግሞ ሰርቮው ተሰክቶ ሳለ ጭራሽ አይነሳም፤ ሲነቀል ይነሳል። የርቀት ሴንሰሩም መልስ አይሰጥም።

ፒኖቹ፦ ሰርቮ 12፣ ኤልኢዲ 2፣ ትሪግ (የርቀት ሴንሰሩ ምት መቀበያ) 35፣ ኤኮ (የመልሱ መውጫ) 34፣ አይቱሲ 21 እና 22።

#6 ቮልት_ተከታታይ

መረጃውን በቁጥር ስላስቀመጥክ ጥሩ ነው፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

ከዩኤስቢው ወደ ቦርዱ 5 ቮልት ፒን መንገድ ላይ ሾትኪ ዳዮድ አለ፤ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፣ ከቮልቱም ጥቂት ይወስዳል። ሥራ ፈት እያለ 4.7 ያየኸው ለዚህ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ከዚያ 5 ቮልቱን ወደ 3.3 የሚያወርደው ሬጉሌተር (ብዙ ጊዜ ኤኤምኤስ1117) ራሱ ከ1.1 እስከ 1.3 ቮልት ልዩነት ይፈልጋል። 3.3 + 1.1 = 4.4። የአንተ መስመር 4.3 ደርሷል። ሬጉሌተሩ 3.3 ማውጣት ከማይችልበት ቦታ ላይ ነህ ማለት ነው። ሜትሩ ደግሞ አማካዩን ነው የሚያሳየው፤ ዋይፋዩ ሲልክ ለአጭር ጊዜ የሚወርደውን አያይም፣ እውነተኛው ዝቅታ ከ4.3 በታች ነው።

የከረንቱ ሒሳብ፦ አንድ ደብልዩኤስ2812 ሙሉ ነጭ ሲሆን እስከ 60 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ ስምንቱ 480። ኢኤስፒ32 ዋይፋይ ሲልክ 240 ገደማ ይደርሳል። ኤስጂ90 ሰርቮ መንገዱ ተዘግቶበት ሲታገል ብቻውን ከ500 በላይ ይስባል። ይህን ሁሉ በ500 ሚሊአምፔር ዩኤስቢና በአንዲት ዳዮድ አሳልፈሃል።

እንዲህ አድርግ፦

ቦርዱ ከዩኤስቢ እንዳለ ይቆይ። ለሰርቮው፣ ለኤልኢዲዎቹና ለርቀት ሴንሰሩ 5 ቮልት 2 አምፔር የሚሰጥ የተለየ ምንጭ አምጣ። የሁለቱን ግራውንድ አገናኝ፤ 5 ቮልቶቹን ግን አታገናኝ። ኢኤስፒ32 ዴቭኪትሲ ከዩኤስቢ፣ ከ5 ቮልት ፒን ወይም ከ3.3 ቮልት ፒን በአንዱ ብቻ ነው ኃይል የሚሰጠው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መስጠት ቦርዱንም ላፕቶፑንም ሊጎዳ ይችላል።

የሰርቮውና የኤልኢዲዎቹ ኃይል በብሬድቦርዱ አይለፍ። የብሬድቦርድ መቆንጠጫ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት 1 አምፔር አካባቢ ነው፤ ቀጫጭኑ ባለ ሶኬት ጃምፐር ደግሞ ከነመጋጠሚያው ኦሙን ይጨምራል። ጠቅላላ ግማሽ ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 0.5 አምፔር ሲያልፍበት 0.25 ቮልት ይጠፋል። ከምንጩ ተርሚናል በቀጥታ በወፍራም ሽቦ ውሰድ።

ከኤልኢዲዎቹ መግቢያ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከሰርቮው አጠገብ 470፣ ከቦርዱ 3.3 ቮልት እና ግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድና 100 ናኖፋራድ ጎን ለጎን። የካፓሲተሩ ፖል አይገለበጥ፤ ነጩ መስመር ያለበት እግር ነጌቲቭ ነው።

ጥቁር ክብ ሶኬት ያለውን የብሬድቦርድ የኃይል ሞጁል ለመጠቀም ካሰብክ ተጠንቀቅ። እሱም ያው ኤኤምኤስ1117 ነው። 12 ቮልት ሰጥተኸው 300 ሚሊአምፔር ብትወስድ 7 × 0.3 = 2.1 ዋት ሙቀት ይሆንበታል፤ ለዚያች ትንሽ ቺፕ ብዙ ነው። 7 ቮልት አካባቢ ከሰጠኸው ሙቀቱ ወደ 0.6 ዋት ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንድ ባለ 830 ቀዳዳ ብሬድቦርዶች የኃይል መስመራቸው መሃል ላይ የተቆረጠ ነው። ቀዩና ሰማያዊው ቀለም መሃል ላይ ከተቋረጠ ሽቦውም ተቋርጧል ብለህ ጠብቅ። ቀለሙ ቀጥሎ ቢታይም ሜትሩን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ አድርገህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሽ።

#7 ሐረገ_ሽቦ

ኃይሉ ተመልሷል፤ አለመነሳቱና የርቀት ሴንሰሩ ዝምታ ግን የፒን ጉዳይ ነው።

12 ቁጥር ፒን ቦርዱ ሲነሳ የሚነበብ ፒን ነው። በዚያች ቅጽበት ከፍ ካለ ቺፑ የፍላሽ ሜሞሪውን ቮልቴጅ 1.8 ያደርገዋል። በተለመዱት ቦርዶች ላይ ፍላሹ የ3.3 ስለሆነ ማንበብ ያቅተዋል፤ ቦርዱም እየተነሳ ይወድቃል። ሰርቮው የሲግናል መስመሩን ወደ ላይ ከሳበው የሚሆነው ይኸው ነው። ሲነቀል መነሳቱም ይህንኑ ያሳያል።

35 መግቢያ ብቻ ነው። ከ34 እስከ 39 ያሉት ምንም ማውጣት አይችሉም፣ ውስጣዊ ፑልአፕም (ፒኑን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ሬዚስተር) የላቸውም። ትሪግ ምት መላክ ስላለበት እዚያ ላይ ፈጽሞ አይሠራም፤ ኮዱ ግን ስህተት ሳያሳይ ይጫናል። 0፣ 2፣ 5፣ 15ም ሲነሳ የሚነበቡ ናቸው፣ ሌላ ካለህ ተዋቸው። ከ6 እስከ 11 ያሉት ከፍላሹ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ፒን ሆነው ቢወጡም እንዳትነካቸው። የአናሎግ ሴንሰር ወደፊት ብትጨምር ደግሞ ከ32 እስከ 39 ካሉት ምረጥ፤ ሁለተኛው አናሎግ ክፍል (0፣ 2፣ 4፣ 12–15፣ 25–27) ዋይፋይ ሲበራ አይነበብም።

አዲሱ የፒን ድልድል፦ አይቱሲ 21 እና 22 ይቆዩ። ሰርቮ 13፣ ኤልኢዲ 33፣ ትሪግ 26፣ ኤኮ 25።

ኤኮ ላይ አስተውል። ኤችሲ-ኤስአር04 በ5 ቮልት ሲሠራ ኤኮውም 5 ቮልት ያወጣል። የኢኤስፒ32 ፒኖች የ3.3 ናቸው። ከኤኮ ወደ 25 ፒን 1 ኪሎኦም፣ ከ25 ፒን ወደ ግራውንድ 2 ኪሎኦም አድርግ፤ 5 × 2/3 = 3.33 ይሆናል። 2 ኪሎኦም ከሌለህ ሁለት 1 ኪሎኦም በተከታታይ።

ኮድ ሲጫን ቦርዱ ካልተገናኘና የቡት ቁልፉን ካልያዝክ የማይጀምር ከሆነ ከኢኤን (ቦርዱን የሚያስነሳው) ፒን ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ፖዘቲቩ ኢኤን ላይ) ችግሩን ይፈታዋል። ከዚያ በፊት ግን ኬብሉን ቀይር፤ ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ኬብሎች የዳታ ሽቦ የላቸውም።

አቀማመጡም፦ አንቴናው ያለበት ጫፍ ከብሬድቦርዱ ጠርዝ ወደ ውጭ ይውጣ። ከሥሩ የተደረደሩት የብረት መቆንጠጫዎች ሲግናሉን ያዳክሙታል።

#8 ናኖ_ወዳድ

ዋይፋይ ግድ ስለሆነ ናኖ አይሆንም፤ ግን ክሩን ለሚያነብ ሌላ ሰው ንጽጽሩን ላስቀምጥ። ናኖ 5 ቮልት ስለሆነ ኤኮውም የኤልኢዲው ዳታም ያለ ምንም ሬዚስተር ክፍፍል በቀጥታ ይገናኛሉ። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሜሞሪው ግን 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። 128 በ64 የሆነ ኦሌድ ስክሪን ሙሉ ምስሉን ሜሞሪ ውስጥ ሲይዝ 1024 ባይት ይወስዳል፤ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ላይብረሪዎቹ ሲጨመሩ ኮዱ ይጫናል እንጂ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ከዩኤስቢ ሲሠራ ናኖም ዳዮድ ስላለው 5 ቮልት ፒኑ 4.6 አካባቢ ነው። የአናሎግ ንባብን በ5.0 እያባዙ ቮልት የሚያሰሉ ሰዎች ዘጠኝ በመቶ ያህል የሚስቱት ለዚህ ነው። የለካኸውን ቁጥር ኮዱ ውስጥ አስገባ። ቅጂዎቹ ላይ ኮድ ካልተጫነ ሁለት ነገር ተመልከት፦ የሲኤች340 ድራይቨር መኖሩን፣ እና ፕሮሰሰር ምርጫው ላይ «ኦልድ ቡትሎደር» የሚለውን። አሮጌው በ57600፣ አዲሱ በ115200 ነው የሚያወራው።

#9 ባለ_ካሊፐር

ንጽጽር ከተጀመረ ፒኮም ይጠቀስ። 2 እና 2 ቀዳዳ መተረፉ ብቻ አይደለም፤ ግራውንዱ በየአምስት ፒኑ ይደጋገማል (3፣ 8፣ 13፣ 18፣ 23፣ 28፣ 33፣ 38)። ለብሬድቦርድ ይህ ወርቅ ነው፤ አጭር ሽቦ የትም ቦታ ግራውንድ ያገኛል። ዋይፋይ ያለው ፒኮ ደብልዩም መጠኑና የፒን ቦታው ያው ነው። የሚያስቸግረው የፒን ስሞቹ ከሥር መታተማቸው ነው፤ ቦርዱ ከተሰካ አይነበቡም። በጠባብ ወረቀት ጽፎ ከላይ መለጠፍ ይጠቅማል።

ከውጭ 5 ቮልት መስጠት ከፈለግህ በሾትኪ ዳዮድ (1ኤን5817 ይሆናል) በኩል ወደ ቪኤስዋይኤስ (የፒኮ ዋና የኃይል መግቢያ)፣ 39ኛው ፒን፣ አስገባ። ቦርዱ ላይ ከዩኤስቢ ወደ ቪኤስዋይኤስ ሌላ ዳዮድ ስላለ ያኔ ዩኤስቢና የውጭ ኃይል አብረው ቢሰኩ አይጋጩም። ከ3.3 መውጫው፣ ከ36ኛው ፒን፣ ከ300 ሚሊአምፔር በላይ አትውሰድ።

#10 ቮልት_ተከታታይ

ፒኮ 2 የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የአርፒ2350 (የፒኮ 2 ማይክሮኮንትሮለር) የመጀመሪያው ኤ2 ቺፕ ላይ ኢ9 የሚባል የታወቀ እንከን አለ፦ ፒኑ መግቢያ ሆኖ በውስጣዊ ፑልዳውን (ወደ ዜሮ የሚስብ ሬዚስተር) ብቻ ሲያዝ አንዴ ከፍ ካለ በኋላ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ 2.2 ቮልት አካባቢ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቁልፉን ለቀቅከው፣ ፕሮግራሙ ግን እንደተጫነ ያየዋል። ብሬድቦርዱን የሚወቅሱ ብዙ ናቸው፤ ጥፋቱ የብሬድቦርዱ አይደለም። መፍትሔው 8.2 ኪሎኦም ወይም ከዚያ ያነሰ የውጭ ሬዚስተር ወደ ግራውንድ፣ ወይም ቁልፉን ወደ ግራውንድ አድርጎ ፑልአፕ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ይቀላል።

#11 ሰርኪት_ጀማሪ

ሁሉንም እንዳላችሁት አድርጌያለሁ። የቦርዱ 5 ቮልት አሁን 4.7 ላይ ይቆያል፤ የሰርቮው መስመር ሲንቀሳቀስም ከ4.9 አይወርድም። ሪሴት የለም፣ ሰርቮው ተሰክቶም ይነሳል፣ የርቀት ሴንሰሩም ያነባል። የቀረው ኤልኢዲዎቹ ናቸው፦ በተለየው ምንጭ ከሆኑ ጀምሮ የመጀመሪያው ኤልኢዲ አንዳንዴ አረንጓዴ ብልጭ ይላል፣ ቀጥሎ ያሉትም ቀለማቸው ይዘበራረቃል። ከቦርዱ 5 ቮልት ሲሠሩ እንዲህ አይሉም ነበር።

#12 የብየዳ_ጠረጴዛ

ይህ ከኃይሉ መስተካከል የመጣ ነው። ደብልዩኤስ2812 ዳታውን «ከፍ» ብሎ የሚቆጥረው ከራሱ ቮልቴጅ 0.7 እጅ ሲያልፍ ነው። ቀድሞ በ4.3 ስታሠራቸው ገደቡ 3.01 ነበር፤ 3.3 ያልፈዋል። አሁን 5 ቮልት በትክክል ስላገኙ ገደቡ 3.5 ሆነ፤ የቦርዱ 3.3 አይደርስም። አንዱ ኤልኢዲ ሊቀበለው ሌላው ሊስተው የሚችልበት ጠባብ ቦታ ላይ ነህ።

ትክክለኛው መንገድ የ3.3 ዳታውን ወደ 5 ቮልት የሚያሳድግ 74ኤኤችሲቲ125 ቺፕ ነው። 14 እግር ዲፕ ስለሆነ መሃሉን ቦይ ተሻግሮ ይቀመጣል። 14ኛውን እግር ከተለየው ምንጭ 5 ቮልት፣ 7ኛውን ከግራውንድ፣ 1ኛውን (ማስቻያው ነው፣ ዝቅ ሲል ይከፍታል) ከግራውንድ፣ የቦርዱን 33 ፒን ወደ 2ኛው፣ ከ3ኛው በ330 ኦም በኩል ወደ ኤልኢዲው ዳታ። በ7 እና በ14 መካከል 100 ናኖፋራድ። የማትጠቀምባቸውን መግቢያዎች 5፣ 9 እና 12 ከግራውንድ አገናኝ፣ ተንሳፍፈው አይቅሩ። የሚገዛው ኤኤችሲቲ ወይም ኤችሲቲ እንጂ ኤችሲ አይደለም፤ የኤችሲ ገደቡ በ5 ቮልት ያው 3.5 ነው፣ ምንም አይቀይርም።

ቺፑ እስኪገኝ ከተለየው ምንጭ ወደ ኤልኢዲዎቹ በሚሄደው 5 ቮልት ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ በተከታታይ አድርግ፣ ነጩ ቀለበት ወደ ኤልኢዲዎቹ። ከ0.7 ቮልት በላይ ይወስዳል፤ ኤልኢዲዎቹ 4.3 ገደማ ያገኛሉ፣ ገደቡም 3.01 አካባቢ ይሆናል። 480 ሚሊአምፔር ለ1 አምፔር ዳዮድ ቀላል ነው። ዳታ ሽቦውን ግን ከ20 ሴንቲሜትር አታስረዝም፣ የግራውንድ ሽቦውም ከጎኑ አብሮ ይሂድ።

#13 ሰርኪት_ጀማሪ

ዳዮዱን አስገብቻለሁ፤ ኤልኢዲዎቹ ጋ 4.26 ቮልት፣ ብልጭታው የለም፣ ቀለማቸውም ተስተካክሏል። 74ኤኤችሲቲ125 ሲገኝ ዳዮዱ ይወጣል።